የአንባብያን ጥያቄ፦ ጉልበቴ ነው ወይስ አንጎሌ?

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ ሕመምና ስለ ስፖርት ናቸው። የመጀመሪያው ስላሳሰበኝ ረዘም አድርጌ ነው የመለስኩት።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ የምለማመድ የ10 ሺህ ሜትር ሯጭ ነኝ። አምና ጉልበቴን ተጎዳሁ። አረፍኩ፣ ታከምኩ፣ ድነሃል ተባልኩ። ኤምአርአይ ተነስቼም ምንም አልተገኘብኝም። ግን ሩጫ ስጀምር፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ ያው ሕመም ይመለሳል። አሰልጣኜ ‹ጭንቅላትህ ውስጥ ነው፣ እርሳው› ይለኛል። እያበድኩ ነው እንዴ?»

መልስ፦ ኧረ አላበድክም ወንድሜ። አሰልጣኝህ ግማሹን ልክ ብሏል፣ «እርሳው» የምትለዋን ግን ባይጨምራት ይሻል ነበር። የጥርስ ሕመም በለው የምጥ፣ ሁሉም ሕመም በመጨረሻ የሚሠራው አንጎል ውስጥ ነው። ከጉልበትህ የሚነሱት ነርቮች «ሕመም» የሚባል ነገር አይልኩም። የሚልኩት ወሬ ነው፦ እዚህ ጫና በዛ፣ እዚህ ሙቀት አለ፣ እዚህ ቁስለት የሚፈጥረው ኬሚካል ተገኘ። ወሬው መጀመሪያ ህብለ ሰረሰር ላይ ይደርሳል፤ እዚያ ሊጎላም ሊደበዝዝም ይችላል። ሜልዛክና ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን በ1965 እ.ኤ.አ. «በር» ብለው አስረድተውታል። እንቅፋት ሲመታን ጣታችንን ይዘን የምናሸው ለዚህ ነው፤ የመታሸቱ ስሜት የሕመሙን ወሬ በሩ ላይ ይጋፋዋል። ከዚያ አንጎል ወሬውን ይቀበልና ከሌላው ከሚያውቀው ሁሉ ጋር ያገናዝበዋል። አምና ምን ሆንክ? ቁልቁለት ላይ ነበርክ? ውድድር ደርሷል? እንቅልፍ አጥተሃል? አደጋ አለ ብሎ ከወሰነ ያምሃል። የለም ካለ አያምህም፣ ወይም ትንሽ ብቻ ያምሃል።

የተጋነነ ከመሰለህ አንድ ታሪክ ልንገርህ። በ1995 እ.ኤ.አ. አንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ያወጣው ነው። የ29 ዓመት ግንበኛ ዘሎ ሲወርድ 15 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ሚስማር ላይ ያርፋል። ሚስማሩ ጫማውን በስቶ በላይ በኩል ወጥቷል። ሆስፒታል ሲደርስ ሚስማሩን ትንሽ ሲነኩበት ስለሚሰቃይ በጠንካራ ማደንዘዣ አረጋጉት። ጫማው ሲወልቅ ሚስማሩ በሁለት ጣቶቹ መሃል አልፏል። እግሩን ጫር እንኳ አላደረገውም! ሰውየው አልዋሸም፣ አላስመሰለም፤ በእርግጥ አሞታል። አንጎሉ ሚስማሩን አይቶ ፈረደ።

ያንተም ጉዳይ ወደዚህ የሚያደላ ይመስለኛል። ሌባ አንዴ የገባበት ግቢ ዘበኛ ከዚያ በኋላ ድመት ስታልፍም ፊሽካ ይነፋል። ጉዳቱ ድኗል፣ ዘበኛው ግን አልተረጋጋም። ነርቮች ለረጅም ጊዜ ሲታመሙ ለትንሹም ነገር መጮህ እንደሚለምዱ በጥናት የታወቀ ነው።

ዘበኛውን በስድብም በትዕቢትም አታረጋጋውም፣ ቀስ ብለህ ማለማመድ ነው። ከሜዳ ጀምር፣ ከዚያ አጭር ቁልቁለት፣ ከዚያ ትንሽ ረዘም ያለ። ሕመሙ ከ10 ሦስት ገደማ ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት ከተመለሰ ቀጥል። ካደረ ወይም ከባሰ ቀንስ። የጭንና የዳሌ ጡንቻ ማጠንከሪያ ሥራ፤ ፊዚዮቴራፒስት ካገኘህማ እሰየው። እንቅልፍህንም ጠብቅ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሕመም ይጸናበታል።

ግን ይህን ሁሉ ስላልኩ ሕመምን ሁሉ ናቀው ማለቴ አይደለም። አንድ ቦታ ላይ በጣትህ ጫፍ አጥንቱን ስትጫነው የሚያም፣ እየሮጥክ በሄድክ ቁጥር የሚብስ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ የሚያብጥ ወይም ጉልበትህን የሚቆልፍ ከሆነ ሩጫውን አቁምና ሐኪም ጋ ሂድ። የአጥንት ስንጥቅ መጀመሪያ ላይ በራጅ ላይታይ ይችላል። ለሴት ሯጮችም አንድ ነገር ልጨምር፦ የወር አበባ ከቀረ አጥንት እየተጎዳ ሊሆን ይችላልና «ልምምድ ስለበዛብኝ ነው» ብላችሁ አትለፉት። «ጀግና አያመውም» የሚባለውን ነገር እኔ በበኩሌ አልወደውም። አበበ ቢቂላ ሜክሲኮ ላይ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ በእግር ጉዳት አቋርጧል። እሱን ፈሪ የሚል አለ?

ጥያቄ፦ «ከአዳማ ነኝ፣ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ። ሩጫ እወዳለሁ። 24 ዙር ሙሉ ሲቃትት የነበረ ሰው ደወሉ ሲደወል በ25ኛው ዙር እንደ አዲስ ይፈተለካል። ያ ጉልበት እስከዚያ የት ነበር?»

መልስ፦ ጋሼ፣ እዚያው እግሩ ውስጥ ነበር። አንጎሉ ነው የያዘበት። የሲድኒ 2000 ኦሎምፒክን የ10 ሺህ ሜትር ውድድር ያስታውሱ፤ ኃይሌ ከኬንያዊው ቴርጋት ጋር ያን ሁሉ ዙር ተናንቆ በመጨረሻ የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። እግሩ ባዶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይሮጥም ነበር። ድሮ ሰው የሚደክመው ልቡና ጡንቻው ስላለቀ ነው ይባል ነበር። አሁን ብዙዎች የሚሉት አንጎል ርቀቱን፣ ሙቀቱንና የሰውነቱን ወሬ እያየ ሂሳብ ይሠራል፣ መድረሻው እስኪታይም ጥቂት ያስቀራል ነው። ይህ በትክክል እንዴት እንደሚሠራ ግን ሳይንቲስቶቹ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቁበታል።

እኔን በጣም የገረመኝ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ ነው። ብስክሌት ጋላቢዎችን ህብለ ሰረሰራቸው አካባቢ ፈንታኒል የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት ወጓቸው፣ የእግራቸው የድካም ወሬ ወደ አንጎል እንዳይደርስ። ከዚያ 5 ኪሎ ሜትር በሙሉ አቅማችሁ ንዱ አሏቸው። መጀመሪያ ላይ ፈነጠዙ፣ ከአቅማቸው በላይ ነዱ። በኋላ ቀዘቀዙ። መጨረሻ ላይ ሰዓታቸው ያለ መድኃኒት ከነዱት የተለየ አልሆነም፣ እግራቸው ግን ከብስክሌት ለመውረድ እስኪቸገሩ ተሰባብሮ ነበር። ሕመም ያጣ ሯጭ ፍጥነቱን የሚመጥንበት የለውም ማለት ነው። እኔማ ይህን ካነበብኩ ወዲህ «ሕመም የሚያጠፋ ክኒን ቢገኝ ሪከርድ ይሰበር ነበር» የሚል ወሬ አላምንም።

በዚያው ዓመት ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ሰዎችን 90 ደቂቃ አሰልቺ የኮምፒውተር ሥራ አሠርተው ብስክሌት ላይ ሲያወጧቸው፣ ከሌላው ቀን ቀድመው «በቃን» አሉ። ልባቸውም ጡንቻቸውም ያው ነው። የከበዳቸው ስሜቱ ነው። ስለዚህ ከውድድር በፊት ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ሲጨቃጨቅ የሚያድር ሯጭ ካዩ ጋሼ፣ ስልኩን ቀሙት።

ጥያቄ፦ «ከቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ በየዓመቱ በጁላይ በሚደረገው የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ይጫወታል። አርባውን አልፏል። ከጨዋታ በፊት ‹እንዳያመኝ› እያለ አይቡፕሮፌን ይውጣል። ችግር አለው?»

መልስ፦ አለው እህቴ። አይቡፕሮፌን ቋንጃውን አያጠነክርም፣ የሕመሙን ጥሪ ነው የሚያደበዝዘው። ትንሽ የተሳበ ጅማት ይዞ እየሮጠ ሊበጥሰው ይችላል። ከዚያ በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ኩላሊቱ ነው። በሙቀት ላብ ፈስሶ ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ኩላሊት ደም በደንብ አይደርሰውም፣ ያ መድኃኒት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ደም ግፊት ወይም የጨጓራ ችግር ካለበት ጨርሶ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው። ትራማዶል የሚባለውን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ጓደኛ ካለም «ተው» በይልኝ፤ እሱ ሱስ ያስይዛል፣ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒት ድርጅት በውድድር ወቅት ከልክሎታል።

ሕመም የሚሰማው በማግስቱ ብቻ ከሆነ፣ በአርባዎቹ ዕድሜ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ በጁላይ ኳስ የሚጫወት ሰው ምን ሊጠብቅ ኖሯል? ከሁለት ወር በፊት ጀምሮ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይሩጥ፣ ቋንጃውንና ባቱን ያሠራ። ከጨዋታ በፊት ሰውነቱን በደንብ ያሟሙቅ። ከጨዋታ በኋላ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ከቀነሰ ግን መልሴን አትጠብቂ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።