ዩራኒየም በፓምፕ ይወጣል ወይ ለጠየቅኸው

ወንድሜ፣ «በካዛኪስታን ማንም ከመሬት በታች ሳይገባ ዩራኒየምን እንደ ውሃ በፓምፕ ያወጡታል ይባላል፤ እውነት ነው? ድሬዳዋ ዙሪያስ ይቻላል?» ብለሃል። እውነት ነው። ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዛሬ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። እኔ ዩራኒየም አውጥቼ አላውቅም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ድሬዳዋ ዙሪያ የውሃ ጉድጓድ በማስቆፈር ነው። ቢሆንም ዘዴው ለጉድጓድ ሰው እንግዳ አይደለም።

ማዕድኑ ውሃ በሚያሳልፍ፣ በውሃም በተሞላ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ከላይና ከታች ሸክላ ቢያቅፈው ይመረጣል። በአንዱ ጉድጓድ ሰልፈሪክ አሲድ የተቀላቀለበት ውሃ ይገፋል፤ ዩራኒየሙን እያሟሟ ይሄድና በሌላው ጉድጓድ ይሳባል። ላይ ሲደርስ ጥቃቅን ዶቃ በመሰለ ሬዚን ውስጥ ሲያልፍ ዩራኒየሙ እዚያ ይቀራል፤ ውሃው ተመልሶ ይወርዳል። ዋናው ጥበብ የሚሳበው ከሚገፋው በጥቂቱ እንዲበልጥ ማድረግ ነው። ይህ ከተዛባ አሲዱ ወደ ጎረቤት ውሃ ይሸሻል።

ወደ እኛው ስንመጣ፣ ኪሴ ውስጥ ሁልጊዜ በውሃ የቀጠነ አሲድ በትንሽ ጠርሙስ እይዝ ነበር። ከጉድጓዱ በወጣው ፍርፋሪ ላይ ጠብ ሳደርገው ቡፍ ብሎ ከፈላ፣ የኖራ ድንጋይ ነው ማለት ነው። ድሬዳዋ ዙሪያ ይህ በብዛት አለ። እንዲህ ያለ ድንጋይ አሲዱን ማዕድኑ ጋ ሳይደርስ ይበላዋል። አሜሪካኖች እንዲህ ሲገጥማቸው በአሲዱ ፋንታ ባይካርቦኔትና ኦክስጅን ይጠቀማሉ። ይህም ቢሆን ከተማው የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ መሆኑን አትርሳ፤ የከተማው የውሃ ጉድጓዶች ባሉበት ሳቢያን አጠገብ እንዲህ ያለ ነገር እሞክራለሁ የሚል ቢመጣ መጀመሪያ የምጮኸው እኔ ነኝ።

ድንጋዩ ጠንካራ ከሆነ ግን መቆፈር ግድ ነው። በናሚቢያው ሮሲንግ ከ1976 ጀምሮ ግራናይት መሰል ድንጋይ በክፍት ጉድጓድ ይፈነዳል፤ ከአንድ ቶን የሚገኘው ዩራኒየም ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ነው። በካናዳው ሲጋር ሌክ ደግሞ ማዕድኑ እጅግ የበለጸገ ስለሆነ ሰው አይጠጋውም፤ መሬቱን አቀዝቅዘው፣ ከሥር በከፍተኛ ግፊት በሚረጭ ውሃ ይሸረሽሩታል። በዋሻ ማዕድን ትልቁ ጠላት ራዶን የሚባለው ጋዝ ስለሆነ አየር ማናፈሻው ለአፍታም አይቆምም።

አንድ ጊዜ አንድ ሰው ከባቢሌ ቢጫ ድንጋይ ይዞ መጥቶ «ዩራኒየም ነው» አለኝ። የብረት ዝገት ነበር። ዩራኒየም ሲባል ሰው የሚያስበው ያ ታዋቂ ቢጫ ዱቄት ማዕድኑ ተጣርቶ ከፋብሪካ የሚወጣው ነው፤ ከመሬት የሚወጣው ዋናው ማዕድን አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ከባድ ነው። ጥቁር ይዞ ቢመጣ ኖሮ እኔም ደግሜ አየው ነበር።