በነጠላ ቃል ለሚናገር የ4 ዓመት ልጅ ተረት ሕክምና ይሆናል ወይ?

እህቴ፣ ኮዬ ፈጬ የሚኖረው የ4 ዓመት ልጅዎ የሚናገረው በነጠላ ቃላት ብቻ መሆኑን ገልጸው፣ መምህርቱ የመከረችዎ ተረት በእርግጥ እንደ ሕክምና ይቆጠር እንደሆነ ጠይቀዋል። የሕክምናው አንድ ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ አስቀድሞ ጆሮው በሚገባ መስማቱ በሐኪም ይመርመር፤ መንገዱ ቢርቅም ይህን አይዝለሉት።

ተረቱ አጭር ይሁን፣ አንዱ ራሱ በየምሽቱ ይደጋገም፤ ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቅ ልቡ ከታሪኩ ወደ ቃላቱ ይዞራልና። «ተረት ተረት» ብለው «የላም በረት» እስኪልዎ ድረስ ፊቱን እያዩ ዝም ብለው ይጠብቁት። «ጅብ... አህያ» ቢል፣ «አስተካክለህ ተናገር» ከማለት ይልቅ «አዎ፣ ጅቡ አህያዋን በላት» ብለው የእሱኑ ሐሳብ አስፍተው ይመልሱለት። የአማርኛ ግሥ አድራጊውንም ተደራጊውንም በአንድ ቃል ስለሚይዝ («በላት» ውስጥ ጅቡም አህያዋም አሉ)፣ የቃላቱን ብዛት ብቻ መቁጠር ያሳስታል፤ እኔ የግሡን መጨረሻ ያዳምጡ እላለሁ። ተረቱን ከለመደው በኋላ አንዱን ቆርኪ ጅብ፣ ሌላውን አህያ አድርጎ በራሱ እጅ እያንቀሳቀሰ እንዲተርክልዎ ያድርጉ።

አባቱ ኦሮምኛ ስለሚያናግረው መጨነቅዎን ጽፈዋል። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየትን አያመጣም፤ አባቱም በኦሮምኛ ይተርክለት። በ4 ዓመቱ በነጠላ ቃላት ብቻ መናገሩ ግን መዘግየት ስለሆነ፣ ተረቱ ለውጥ እስኪያመጣ ሳይጠብቁ ከአሁኑ ወደ ንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያ ይውሰዱት፤ ቀድሞ ይናገራቸው የነበሩትን ቃላት መተው ከጀመረ ደግሞ ይበልጥ ያስቸኩላል።