ቆርኪውን በእንጨት ስንተካ፦ ስለ ዳማ፣ ገበጣና ሰንጠረዥ ጠጠር ጥያቄና መልስ

ውድ ወዳጆች፣ በእጅ ስለሚሠራ የጨዋታ ጠጠር ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ብዙ መጣ፣ ደስ ብሎኛል። የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልበል። ቁምሳጥን የሚታይ ዕቃ ነው። የጨዋታ ጠጠር ግን የሚጨበጥ ነው። በአንድ ምሽት ስንት ጊዜ ይነሣል፣ ስንት ጊዜ ይቀመጣል። ስለዚህ እኔ ሥራዬን የምፈትሸው ዓይኔን ጨፍኜ፣ በጣቴ ነው። ከታች የምላችሁ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

ጋሼ፣ ሰፈራችን ዳማ የሚጫወተው በቆርኪ ነው። ለአባቴ የእንጨት ልሥራለት ብዬ ቅርንጫፍ እንደ ካሮት ከትፌ 24 ክብ አወጣሁ። በሁለት ሳምንት ግማሹ ተሰነጠቀ። ምን አጠፋሁ? (ከባሕር ዳር)

እጅህ አላጠፋም፣ እንጨቱ ነው ያልደረሰው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። ችግሩ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አለመኮማተሩ ነው። ዙሪያውን ተከትሎ የሚኮማተረው፣ ከመሀል ወደ ልጡ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቅርንጫፍ እንዳለ ስትከትፈው ልቡ መሀል ላይ ይቀራል። ዙሪያው ሊጠብ ይፈልጋል፣ መሀሉ እሺ አይለውም። መሄጃ ሲያጣ ይፈነዳል። ስንጥቁ ሁልጊዜ ከመሀል ወደ ዳር የሚሄደው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ይኸውልህ። ወፈር ያለ ግንድ ፈልግ። ለሁለት ወይም ለአራት ፍለጠውና ልቡን አውጥተህ ጣለው። ጫፍና ጫፉን ሰም ወይም አሮጌ ቀለም ቀባው፣ እንጨት በፍጥነት የሚደርቀው በጫፉ ነውና። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጠው። በተለምዶ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይባላል። ቸኩለህ ከሆነ ከቤት ዕቃ ሠሪ ቤት የደረቀ ቁራጭ ለምን። ከዚያ ቶርኖ ቤት ወስደህ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ድቡልቡል ዱላ አስወጣ። እሱን በአንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ትቆርጣለህ።

ስለ ቆርኪ ካነሣን፣ ቆርኪን አልንቅም። ዳሩ ላይ ያለው ጥርስ ጣት ይይዛል፣ ስለዚህ አይሾልክም። የእንጨቱ ክብ ዳሩ ልሙጥ ከሆነ አባትህ ሊያነሣው ሲል ያዳልጠዋል። በሞረድ ወገቡ ላይ ቀጭን ቦይ አዙርለት። ጠርዙን ደግሞ ትንሽ አክብበው።

ለጀማሪ የትኛው እንጨት ይሻላል?

ዋንዛ። ለመሮ ይታዘዛል፣ ቀለሙ ያምራል፣ ዘይት ሲጠጣ ቡናማው ይደምቃል። ጽድ ሽታው ልብ ይሰርቃል፣ ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ ለቀጭን አንገት አይሆንም። ዝግባ ነጣ ያለ ስለሆነ ለአንዱ ወገን ጠጠር ጥሩ ነው። ወይራ የእንጨት ንጉሥ ነው። ይከብዳል፣ ጥቁርና ቢጫ መስመሩ የተሳለ ይመስላል። ነገር ግን ጠንካራ ነው፣ ስለትህን ይበላዋል፣ ሲደርቅም ትዕግሥት ይፈልጋል። እጅህ ከለመደ በኋላ ወደሱ ሂድ።

አደራ የምለው አገር በቀል ዛፍ ለዚህ ብላችሁ እንዳትቆርጡ ነው። የአንድ ሙሉ ሰንጠረዥ (የአገራችን ጥንታዊ ቼስ) ጠጠር ከአንድ የአልጋ እግር ትራፊ ይወጣል። የቤት ዕቃ ሠሪ የሚማግደው ቁራጭ ለእኛ ሀብት ነው።

በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ለስልሶ ነበር። ዘይት ስቀባው ግን ተመልሶ ሻከረ። ለምን? (ከሐዋሳ)

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ስትፈገፍጊ ሁሉም የእንጨቱ ቃጫ አይቆረጥም። አንዳንዱ ተጨፍልቆ ይተኛል። እርጥበት ሲያገኝ ያበጥና ልክ ከብርድ እንደወጣ ክንድ ፀጉሩ ይቆማል። መድኃኒቱ ራስሽ ቀድመሽ ማስነሣት ነው። በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሪ (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ እየደቀቀ ይሄዳል)፣ ወደ 180፣ ከዚያ ወደ 240 እለፊ። ቁጥር አትዝለዪ፤ የ120ው ጭረት በ320 አይጠፋም፣ ዘይት ሲነካው ብቻ ብቅ ይላል። 240ን ስትጨርሺ ንጹሕ ጨርቅ በውኃ አርጥበሽ፣ ጨምቀሽ፣ ጠጠሩን ጥረጊው። ለሊቱን ይደር። ጠዋት በጣትሽ ስትነኪው እንደ ኮክ ቆዳ ሆኖ ታገኚዋለሽ። በ320 ሳትጫኚ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አሻሺው። ይህን አንዴ ድገሚው። ከዚያ በኋላ ዘይት ቢነካውም ብዙ አይነሣም።

መድረሱን የምታውቂው እንዲህ ነው። አሮጌ የሴት ስቶኪንግ ውስጥ እጅሽን አስገቢና ጠጠሩን ዳብሺው። የቀረች ጭረት ካለች ክሯን ይዛ ታቆማታለች። ዓይን ያላየውን ስቶኪንግ ያገኘዋል። በነገራችን ላይ ስትፈገፍጊ አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ። ደቃቅ የእንጨት ብናኝ ለሳንባ ጠላት ነው።

ቫርኒሽ ይሻላል ዘይት?

ለጠረጴዛ ቫርኒሽ፣ ለጠጠር ዘይትና ሰም። ቫርኒሽ ትንሽ ዕቃ ላይ ይወፍራል፣ አንገቱ ስር ይንጠባጠባል። ስትጨብጠው እንጨት ሳይሆን ላስቲክ የያዝክ ይመስልሃል።

እኔ የተልባ ዘይት ነው የምጠቀመው። የኑግ ዘይት ሞክሬ ትቼዋለሁ፤ በደንብ ስለማይደርቅ ጣት ላይ ይጣበቃል። ተልባውን በጨርቅ ስስ አድርገህ ቀባ። 20 ደቂቃ ቆይና የተረፈውን በሙሉ ጥረግ። በሙሉ! ላዩ ላይ የቀረ ዘይት ሙጫ ይሆናል። ጥሬ የተልባ ዘይት ለመድረቅ ብዙ ቀን ይፈጃል፣ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ሲደርቅ ድገመው። ሦስት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል። መጨረሻ ላይ አንድ እጅ ንጹሕ ሰም ከአራት እጅ ዘይት ጋር አቅልጠህ ቀባውና በሱፍ ጨርቅ ወልውለው። ሰም 62 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ዕቃውን የፈላ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል፤ እሳት ላይ በቀጥታ አትጣደው።

አሁን የምለውን በጣም አደራ። ተልባ የነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። ጨርቁ ከተጨበጠ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። እኔ አንድ ማታ ጣሳ ውስጥ የጣልኩት ጨርቅ ሲጨስ ደርሼበታለሁ። ጣሳው ከመላጊያ ፍቅፋቂ ክምር አጠገብ ነበር። ግማሽ ሰዓት ዘግይቼ ቢሆን ሥራ ቤቱ አይተርፍም ነበር። ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

አንዱን ወገን ያለ ቀለም ማጥቆር ይቻላል?

ይቻላል፣ ደግሞም ያምራል። የዛገ ምስማር አቼቶ ውስጥ ጨምርና ክዳኑን ሳታጠብቅ አንድ ሳምንት ተወው። የብረቱ ውኃ እንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን (ሻይ ውስጥም ያለ፣ አፍ የሚያደርቅ ነገር) ጋር ሲገናኝ ዓይንህ እያየ ይጠቁራል። ታኒን ያነሰው እንጨት ከሆነ መጀመሪያ በጣም የወፈረ ሻይ ቀባውና አድርቀው። ቀለም ላዩ ላይ ስለሚቀመጥ ይላጣል፤ ይሄ ግን ከእንጨቱ ጋር ስለሚዋሐድ አይላጥም። ቁራጭ ላይ ሳትሞክር ጠጠር አትንካ።

የዛሬውን ቼስ ሳይሆን የአባቶቻችንን ሰንጠረዥ መሥራት እፈልጋለሁ። ቅርጹ ምን ይመስላል? (ከጎንደር)

ይህን የሚጠይቅ ወጣት ሳገኝ ልቤ ይሞላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት ትግራይ ውስጥ በገዢው በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት ይህን ጨዋታ አይቶ ጽፏል። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን፣ ጠቆር ባለ ጨርቅ መስመር ይሰፋበታል። ነጭና ጥቁር ቤት የለውም። ጠጠሮቹ ንጉሥ፣ ፈርዝ (በቼስ ንግሥት ቦታ ያለው)፣ ፊል (ዝሆን)፣ ፈረስ፣ ደር (ግንቡ) እና መደቅ (ወታደሩ) ይባላሉ። ከዝሆን ጥርስ፣ ከቀንድ ወይም ከእንጨት ይሠሩ ነበር።

ለሠሪ ትልቁ ቁም ነገር ወረራ የሚባለው ነው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በየፊናቸው፣ በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። እስቲ አስበው፤ አራት እጅ አንድ ጨርቅ ላይ ይራኮታል። ቀጭን አንገትና ሹል ዘውድ ያለው ጠጠር እዚያ ውስጥ አይተርፍም። ስለዚህ አጠር፣ ደልደል፣ ከታች ሰፋ አድርገህ ሥራው። ቁመቱ ከመቀመጫው ስፋት ሁለት እጥፍ ባይበልጥ እመክራለሁ። ጫፉ ድቡልቡል ይሁን። ጨርቅ ላይ ስለሚቀመጥ ታቹን ፍጹም ጠፍጣፋ አድርገው፣ አለዚያ ይንገዳገዳል።

ጠጠሩ ቀለለብኝ። እንዴት ላክብደው?

ታቹን በትራፓኖ ብሳውና ዳዶ በኮላ ቅበርበት። የእርሳስ ብረት አትጠቀም፣ መርዝ ነው። ቀዳዳውን ዘግተህ ታቹ ላይ የአሮጌ በርኖስ ቁራጭ ለጥፍ። ሲቀመጥ የሚያወጣት ድምፅ ብቻዋን ደስ ታሰኛለች።

ከአዲስ አበባ ያመጣሁት የሰንጠረዥ ሰሌዳ ሜሪላንድ ክረምቱን ሳይጨርስ ተጣመመ። ጠጠሮቹ ግን ደህና ናቸው።

የቤታችሁ ማሞቂያ አየሩን ስላደረቀው ነው። ዘይትም ቫርኒሽም እርጥበትን ያዘገያል እንጂ አይከለክልም። ጠጠር ትንሽ ስለሆነ ለውጡ አይታወቅበትም፣ ሰፊ ጣውላ ላይ ግን ይገናል። የሠራው ሰው ሰሌዳውን ከፍሬሙ ጋር በኮላ ጨብጦት ይሆናል። ለባለሙያ አሳይና ፍሬሙ ይፈታ፤ ሰሌዳው ቦይ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት እንዲችል ይደረግ። ከማሞቂያው አጠገብም አርቀው።

ለሁለት ዓመት ልጄ ገበጣ ልሥራለት?

ሰሌዳውን ሥሪለት፣ ጠጠሩን ግን አሁን አትስጪው። ይውጠዋል፣ ያንቀዋል። 48ቱን ጠጠር እስኪያድግ ድረስ ደብቂለት።

ልጄ፣ የአባቴ ገበጣ እጄ ላይ አለ። አቧራ በልቶታል፣ አንድ ጥግም ተሰንጥቋል። እንደ አዲስ ላስፈግፍገው? (ከደብረ ብርሃን፣ አንድ እናት)

እማማ፣ እባክዎ አያስፈግፍጉት። ጉድጓዶቹን በጣትዎ ይዳብሷቸው። ጥቁርና ልስልስ ሆነው ያገኟቸዋል። ያንን ማንም ሠሪ አልሠራውም፤ የአባትዎ እጅ ነው። የብርጭቆ ወረቀት አንዴ ካለፈበት አይመለስም።

ለስለስ ባለ ብሩሽ አቧራውን ያራግፉት። በጣም በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጠርገው ወዲያው በደረቅ ያድርቁት። ስንጥቁ ካልሰፋ ይተዉት፣ ዕድሜው ነው። ከሰፋ አናጢ ኮላ አስገብቶ በሞርሳ ያስርልዎታል፤ ምስማር እንዳያስመቱበት። ሁለት ቀን ካደረ በኋላ ጀርባውንና ጠርዙን ብቻ ስስ ተልባ ይቀቡት። ጉድጓዶቹን መጨረሻ ላይ ይዩዋቸው። ምናልባት ምንም ላይፈልጉ ይችላሉ።