ሞተሬ ጠዋት ጠዋት ለምን ይንተፋተፋል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ፤ ቀበሌ ለቀበሌ የምዞረው በ150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ነው። ካርቡሬተር ያለው ነው፤ 38,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ከጥቅምት ወዲህ ጠዋት ጠዋት አስቸግሮኛል። ቾኩን ስቤ ፔዳሉን ሁለት ሦስቴ ስረግጠው ይነሳል። ቾኩን ስመልሰው ግን ይንተፋተፍና ይጠፋል። ግማሽ ላይ ሳቆመው ይረጋል። አሥር ደቂቃ ያህል ከሞቀ በኋላ ምንም አይለውም፤ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ያለውን ዳገት እንደ ድሮው ይወጣል። ጭስ የለውም፣ ዘይትም አያጎድልም። ካንዴላ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ያየው መካኒክ «ሞተሩ ተከፍቶ የፒስተን ፋሻ መቀየር አለበት» ብሎኛል። የጠየቀኝ ገንዘብ ከወር ደመወዜ ይበልጣል። ምን ይመክሩኛል? ውርጩ ስለሚከብድ የማሞቀው እማድርበት ክፍል ውስጥ፣ በር ዘግቼ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻዋ መስመርህ ልጀምር። ነገ ጠዋት ሞተሩን መጀመሪያ ወደ ውጭ አውጣው፣ ከዚያ አስነሳው። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ሳያውቀው ይጥላል። በከሰል ጭስ ቤተሰብ አለቀ ሲባል የምንሰማው በዚሁ ጋዝ ነው። ብርዱን ጋቢ ደርበህ ቻለው፤ በር ዘግተህ ግን በፍጹም እንዳታስነሳ።

አሁን ወደ ሞተሩ። ፋሻውን፣ ፒስተኑን የሚከብበውን የብረት ቀለበት፣ ለጊዜው ተወው። ፋሻ ያለቀበት ሞተር ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፣ ዘይት ይበላል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። ያንተ ከሦስቱ አንዱም የለበትም። ስለዚህ ገንዘብህን ያዝ።

ደብዳቤህ ውስጥ ትልቁን ነገር አንተው ነግረኸኛል፤ «ግማሽ ላይ ሳቆመው ይረጋል» ብለሃል። ቾክ ሲሳብ ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑ ይበዛል። ቾክ ሲደረግለት የሚረጋ ሞተር ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ተቃራኒው ቢሆን፣ ማለትም ቾኩን ስትነካው ታፍኖ ቢጠፋና ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ቢወጣ፣ ቤንዚን በዝቶበታል እልህ ነበር። ያወጣኸውን አሮጌ ካንዴላ ካልጣልከው ጫፉን እየው። ነጣ ያለ ከሆነ የምልህን ያጠናክረዋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም አንተ ያለህበት ከተማ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ደግሞ ከፍታ አያውቅም፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ እዚያ ያለ ጤነኛ ካርቡሬተር ቢያስቸግር የሚያስቸግረው ቤንዚን በማብዛት ነው። ያንተ ግን ጨምሩልኝ ይላል። እንግዲህ ወይ ቤንዚኑን የዘጋ ነገር አለ፣ ወይ በማይገባበት በኩል አየር ይገባል።

ሲሞቅ ለምን ይድናል? ቤንዚን የሚነደው ተንኖ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ነው። በውርጭ ጊዜ እኩሌታው ሳይተን መግቢያው ግድግዳ ላይ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። በትንሹ የተዘጋ መንገድ ያኔ ይታወቃል። ሞተሩ ሲሞቅ ሁሉም ይተንና ጉድለቱ ይሸፈናል። አልዳነም፤ ተደብቋል።

መጀመሪያ የካርቡሬተሩን ጽዋ አፍስስ። የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጋ፣ ከሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን በካቻቢቴ ፍታ፣ የሚወርደውን በተቆረጠ ሃይላንድ ተቀበል። ሲጋራም እሳትም አጠገብህ አይኑር። ጥቂት አስቀምጠህ ወደ ብርሃን ያዘው። ውሃ ካለበት ከቤንዚኑ ሥር እንደ ዶቃ ተንከባሎ ታየዋለህ። ቡናማ አሸዋ የሚመስል ነገር ካየህ የታንከር ዝገት ነው። ሕመሙ ክረምቱ ሲወጣ መጀመሩ ውሃ ያስጠረጥረኛል። ገጠር ስትወጣ በጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ትቀዳ ይሆናል፤ እሱን በንጹሕ ጨርቅ ሳታጠል አትቅዳ።

ቀጥሎ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ጎማ ተመልከት። እዚህ ላይ ከራሴ ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ አባት ያንተን የመሰለ ሕመም ያለበት ሞተር አመጡልኝ። ሳልመረምር አዲስ ካርቡሬተር አስገዛኋቸው። በሳምንቱ ሞተራቸውን እየገፉ ተመለሱ። ጎማውን በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ከሥሩ እንደ ከንፈር የሚከፈት ስንጥቅ ነበረው። ጠዋት በብርዱ ደርቆ አየር ያስገባል፤ ሲሞቅ ለስልሶ ይገጥማል። የካርቡሬተሩን ዋጋ ከኪሴ መለስኩላቸው። ያባከንኩባቸው ሳምንት ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንተም ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሳና በአበባ ውሃ መርጫ ጎማው ዙሪያ ውሃ እፍ አድርግበት። ድምፁ ከተቀየረ አየር የሚገባው በዚያ ነው።

ጎማው ደህና ከሆነ የቀረህ የሚኒሞው ጄት ነው፤ ጋዝ ሳትሰጠው ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ቤንዚን የምታቀብለው። የናስ ብሎን የመሰለች ናት። ቀዳዳዋ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የደረቀ ቤንዚን እንደ ቫርኒሽ ይጋግርባትና ያጠባታል። ፈትተህ ወደ ሰማይ አሻግረህ እይ፤ ክብ ብርሃን መታየት አለበት። ጨረቃ ጎደሎ ከመሰለ ተዘግታለች። በካርቡሬተር ማጽጃ ንከር፣ በኮምፕሬሰር ንፋ። ብረት ሽቦ ግን እንዳታስገባ፤ ቀዳዳዋ አንዴ ከሰፋ አይመለስም። የቅልቅሉን ማስተካከያ ብሎንም ለማጽዳት ከመፍታትህ በፊት ቀስ ብለህ እስክትቆም አጥብቃት፤ ስንት ዙር እንደገባች ቁጠርና ወረቀት ላይ ጻፍ። ስትመልሳት እስክትቆም አጥብቀህ ያንኑ ያህል ዙር ትፈታታለህ። ይህን ሳይጽፉ የፈቱ ብዙ ናቸው፤ ከዚያ ወር ሙሉ ሚኒሞ ፍለጋ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለው የቫልቭ ክፍተት፣ ማለትም በቫልቩና ቫልቩን በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ቀጭን ክፍተት፣ ይለካ። ቫልቩ መቀመጫው ላይ እየበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠብና ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ጠዋት ላይ ግፊት ያጣል። የሚለካው ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ልኩ የሞተሩ መመሪያ ደብተር ላይ አለ። ለዚህ መካኒክ ጋ ሂድ፣ ግን ማታ አሳድረህለት ጠዋት እንዲለካው ንገረው። ነድተህ በትኩሱ ካደረስክለት የሚያገኘው ልክ ትክክል አይሆንም።

ጽዋው ውስጥ ምን እንዳገኘህ ጻፍልኝ።