«የሲኢ ምልክት ያለው ምጣድ ለምን ይነዝረኛል?»

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። በበጋው አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁ። ቆርቆሮው ላይ «ሲኢ» የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ስላሉበት ሻጩ «አውሮፓ ውስጥ ተፈትሾ የተረጋገጠ ነው» ብሎኛል። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ስጋግር ጠርዙን ከነካሁ ይነዝረኛል። መሰኪያውን ገልብጬ ስሰካው ይቀንሳል። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ተመሳሳዩን ገዝታ ምንም አላላትም። የደሴ አየር ነው ወይስ ዕቃው? ልመልሰው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ምጣዱን ከሶኬት ይንቀሉት፤ እስኪፈተሽም አይጋግሩበት። በጎማ ጫማ መጋገር መፍትሔ አይሆንዎትም። አንዱ እጅዎ ምጣዱ ላይ፣ ሌላው የውሃ ቧንቧ ላይ ካረፈ ጫማው አያድንዎትም። ሰው ግማሽ ሚሊ አምፔር (የአምፔር ሺኛ ክፍል) ገደማ ጅረት ሲያልፍበት መንዘሩ ይሰማዋል። ወደ 10 ሲደርስ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፣ ከ30 በላይ ሲሆን ደግሞ የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል። እስካሁን በትንሹ የነዘረዎት እጅዎ ደረቅ ስለነበረ ሊሆን ይችላል፤ ሊጥ የነካው እጅ ግን እርጥብ ነው።

ሻጩ ስለ ምልክቱ የነገረዎት ስሕተት ነው። ሲኢ አምራቹ ራሱ «ዕቃዬ የአውሮፓ ኅብረትን ሕግ ያሟላል» ሲል የሚለጥፈው ነው። ከ50 እስከ 1,000 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት የሚሠሩ ዕቃዎችን የሚመለከተው የ2014ቱ የአውሮፓ መመሪያ አምራቹ ስለ ደኅንነቱ የቴክኒክ ሰነድ አዘጋጅቶ እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል፤ ገለልተኛ ላቦራቶሪ እንዲፈትሽ ግን አያስገድድም። ሐቀኛ አምራች ይህን በሚገባ ይፈጽማል። ሰነድ ከሌለው ግን ምልክቱ ማንም አሳትሞ የሚለጥፈው ወረቀት ነው። በሀገራችን ደረጃ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ሲሆን ፈትሾ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ነው። ስለዚህ ሻጩን የምስክር ወረቀቱን ይጠይቁት። ወረቀቱ ላይ ያለው የአምራቹ ስምና ሞዴል ምጣዱ ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር አንድ መሆን አለበት። ዋትና ቮልቱ እንኳ ያልተጻፈበትን ምጣድ እኔ ቤቴ አላስገባም።

አሁን ወደ ንዝረቱ። ሬዚስታንሱ፣ ማለትም የሚግለው ሽቦ፣ ከሸክላው ጀርባ በተፈለፈለ ቦይ ውስጥ ተኝቶ በጀሶ ይለበጣል። ሸክላም ጀሶም እርጥበት ይመጥጣሉ። በደሴ ክረምት ምጣዱ ለቀናት ሳይሠራ ከቆየ፣ ወይም ሊጥና የማሰሻ ውሃ በጠርዙ በኩል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ኤሌክትሪክ በእርጥቡ በኩል ወደ ቆርቆሮው ይሾልካል። መገልበጡ ለውጥ ያመጣበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ሬዚስታንሱ በአንዱ ጫፍ 220 ቮልት ይዞ ይነሣና በሌላው ጫፍ ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) ላይ ወደ ዜሮ ይወርዳል። የሚያሾልከው ቦታ ለአንዱ ጫፍ ከቀረበ፣ ፌዙ (ቮልቴጁን የያዘው ሽቦ) በዚያ በኩል ሲገባ ንዝረቱ ይበረታል፣ ሲገለበጥ ይቀንሳል። ማሾለኩ ግን አልተጠገነም። እንዲያውም ማብሪያው አንዱን ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ ከተገለበጠ በኋላ ኒውትራሉን ብቻ ቆርጦ ምጣዱ ጠፍቶም ፌዝ እንደያዘ ሊቀር ይችላል።

ስለ አየሩ ያነሡት ጥያቄ መልካም ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። አየር ሲሳሳ መከላከል የሚችለው ቮልቴጅ ይቀንሳል። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚሠራ ዕቃ የደኅንነት ደረጃዎች በዕቃው ውስጥ ባሉት የኤሌክትሪክ ክፍሎች መካከል ያለው የአየር ክፍተት እንዲሰፋ ያዝዛሉ፤ ለ3,000 ሜትር 1.14 እጥፍ ነው። ይህ የሚያሳስበው ክፍተታቸው ጠባብ የሆኑትን ቻርጀሮችና ኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች ነው፤ አንዳንዶቹ ላይ ከተራራ ምስል ጋር 2,000 ወይም 5,000 ሜትር የሚል ጽሑፍ ያያሉ። ምጣድዎን ግን ከፍታው አይደለም የሚያስነዝረው። እህትዎ ያልነዘራት ቤቷ የመሬት ሽቦ ስላለው፣ ወለሏ ደረቅ ስለሆነ፣ ወይም ምጣዷ ገና ስላልረጠበ ይሆናል። የእሷም መፈተሽ አለበት።

ዓለም አቀፉ የቤት ዕቃዎች ደኅንነት ደረጃ፣ 60335 የሚባለው፣ ዕቃውን 93 በመቶ ገደማ እርጥበት ባለበት ክፍል 48 ሰዓት አቆይቶ የሚሾልከውን ጅረት መጠን ይለካል። ማሞቂያ ዕቃን ደግሞ ከተጻፈበት ኃይል 1.15 እጥፍ አድርጎ ያሠራና በሙቀቱ እንደገና ይለካዋል። አንድ ቦታ ለሚቀመጥ የ3.5 ኪሎዋት ምጣድ እንዲሾልክ የሚፈቀደው ጅረት 2.6 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው። ይህም የሚታገሠው ምጣዱ ከመሬት ሽቦ ጋር ስለተገናኘ ብቻ ነው።

ደሴ ውስጥ ላለ ባለሙያ ሁለት ልኬት እንዲሠራልዎት ይንገሩት። የመጀመሪያው፣ ምጣዱ ተነቅሎ፣ በመሰኪያው የመሬት ብረትና በቆርቆሮው መካከል ያለውን መቋቋም (በኦም የሚለካውን) በመልቲሜትር ማየት ነው። ላቦራቶሪው ከገመዱ በስተቀር ከ0.1 ኦም አያሳልፍም፤ በመልቲሜትር ደግሞ ከ1 ኦም በታች ካልሆነ ሽቦው ልቅ ነው ወይም የለም። ሁለተኛው፣ ምጣዱ እንደተነቀለ፣ በ500 ቮልት ሜገር፣ ማለትም ሽቦው ኤሌክትሪክ እንዳያሾልክ በከፍተኛ ቮልት በሚፈትሽ መለኪያ፣ ነው። የመሰኪያውን የፌዝና የኒውትራል ብረቶች አገናኝቶ ከቆርቆሮው ጋር ይለካል። ተራ መልቲሜትር ባትሪው ደካማ ስለሆነ ይህን ማሾለክ አያየውም፤ «ሰላም ነው» ብሎ ያታልላል። ቢያንስ 1 ሜጋ ኦም ይጠበቃል፣ ከ3 ኪሎዋት በላይ ለሆነ ማሞቂያ እስከ 0.3 የሚቀበሉ ደንቦችም አሉ። ዝቅ ካለ፣ የመሬት ሽቦው መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ ባለሙያው ራሱ ለግማሽ ሰዓት አሙቆ አድርቆት እንደገና ይለካው።

ቀሪው የቤትዎ ጉዳይ ነው። ብዙ ቤቶች ውስጥ ሶኬቱ የመሬት ብረት አለው፣ ከኋላው ግን ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ሠራተኛ የመሬቱን ብረት ከኒውትራል ጋር ሶኬቱ ውስጥ አገናኝቶ ይሄዳል። እባክዎ ይህን አይፍቀዱ! ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢላቀቅ ቆርቆሮው በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል። የመሬት ዘንግ ይቀበር፣ የራሱ ሽቦ እስከ ሶኬቱ ይምጣ። ዘንጉ ብቻውን ግን አይበቃም። የዘንጉ መቋቋም 50 ኦም ቢሆን በፌዝ ንክኪ ጊዜ የሚያልፈው 4.4 አምፔር ነው፤ 20 አምፔር ብሬከር አይወድቅለትም። ለዚህ ነው 30 ሚሊ አምፔር የሚል አርሲዲ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሲሾልክ አይቶ የሚያቋርጥ መሣሪያ፣ ቆጣሪው አጠገብ መግባት ያለበት። መሞከሪያ ቁልፉን በየወሩ ይጫኑት።

መመለሱን በተመለከተ፣ ከደረቀ በኋላም ሜገሩ ከ0.3 ሜጋ ኦም በታች ካነበበ፣ ወይም ከፋብሪካው የመሬት ሽቦ ቆርቆሮው ላይ ካልታሠረለት፣ የልኬቱን ወረቀት ይዘው ይመልሱት። ልኬቶቹ ደኅና ከሆኑና ችግሩ የሶኬቱ ብቻ ከሆነ ግን ሻጩን አይውቀሱት፤ ገንዘቡን ለዘንጉና ለአርሲዲው ያውሉት። ምጣዱን በክረምት ከወለል ከፍ አድርገው ያስቀምጡት፣ ጠርዙንም ውሃ በነከረ ጨርቅ አይጥረጉት።