የጨረቃ አፈር ለምን ጠቆረ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጨረቃ ነጭ ሆና ነው የምትታየን። አፈሯ ግን ጥቁር ነው ይባላል። የቱ ነው እውነቱ?

መልስ፦ አፈሯ ጠቆር ያለ ግራጫ ነው። ካረፈበት ብርሃን በአማካይ 12 በመቶ ያህሉን ብቻ ይመልሳል። ነጭ የምትመስለን ዙሪያዋ ጨለማ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አፖሎ ያመጣው ድንጋይ ሲፈጭ ከአፈሩ ነጣ ይላል ሲሉ ሰምቻለሁ። አፈሩ የመጣው ከዚያው ድንጋይ አይደል እንዴ?

መልስ፦ ልክ ነህ፣ እኔንም ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ልዩነቱ ያለው እያንዳንዱን ቅንጣት በሸፈነው ስስ ልባስ ላይ ነው። ጨረቃ አየር የላትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የፀሐይ ነፋስ፣ ማለትም ከፀሐይ የሚፈሰው፣ በአብዛኛው ፕሮቶን (የሃይድሮጂን አቶም እምብርት) የሆነው የቅንጣቶች ጅረት፣ በቀጥታ አፈሩን ይመታዋል። ደቃቅ የጠፈር ድንጋዮችም በከባድ ፍጥነት እየወደቁ ያቀልጡታል፣ ያተኑታል። ተኑ ጎረቤት ቅንጣቶች ላይ ተመልሶ ይለጠፋል። በዚህ መሀል ከኦክስጅን ጋር ተሳስሮ የነበረው ብረት ኦክስጅኑን ያጣና ንጹህ ብረት ሆኖ ይቀራል። የልባሱ ውፍረት 100 ናኖሜትር ገደማ ነው (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው)፤ በውስጡ ያሉት የብረት እንክብሎች ደግሞ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ። ተመራማሪው ብሩስ ሃፕኬ የተኑን ነገር ያነሳው በ1970ዎቹ ነበር። ብዙዎች የተቀበሉት ግን ሊንዚ ኬለርና ዴቪድ ማኬይ በ1993 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ካሳዩት በኋላ ነው። ሃያ ዓመት ያህል መጠበቁ ያሳዝነኛል፤ ሐሳቡ ግን አሸነፈ።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ደቃቅ ብረት እንዴት ቀለም ይቀይራል?

መልስ፦ ወሳኙ መጠኑ ነው። በጣም ደቃቆቹ ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አብልጠው ይውጣሉ፤ አፈሩም ጠቆር፣ ቀላ ይላል። ተለቅ ያሉት፣ በአስር ናኖሜትሮች የሚለኩት፣ ያጠቁሩታል እንጂ ቀይ አያደርጉትም። ፓይሮክሲን የሚባለው ማዕድን የሞገድ ርዝመቱ 1 ማይክሮሜትር አካባቢ የሆነውን ብርሃን በመዋጥ የሚያሳየው መለያ ምልክትም ይደበዝዛል። ከሩቅ ሆኖ ማዕድን መለየት የሚከብደው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጥቁሮቹ ሜዳዎችስ?

መልስ፦ እነሱ ከመነሻውም ብረት የበዛበት ባዛልት፣ ማለትም ከቀዘቀዘ ቅልጥ የሆነ ጥቁር ድንጋይ፣ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጨረቃ ላይ ካለው ታይኮ ከሚባለው የግጭት ጉድጓድ የሚፈነጥቁት ነጫጭ መስመሮች ለምን አልጠቆሩም?

መልስ፦ ታይኮ ወደ 108 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል። ለጨረቃ ይህ ትናንት ነው፤ ለመጥቆር ገና ጊዜ አላገኙም። ጨረቃ ላይ ያለውን፣ ራይነር ጋማ የሚባለውን ነጣ ያለ ጥለትም ተመልከቱ። እዚያ አፈሩ መግነጢሳዊ መስክ አለው። ብዙ ተመራማሪዎች መስኩ የፀሐይን ነፋስ እየመከተ አፈሩን ከመጥቆር እንደጠበቀው ያስባሉ።

ጥያቄ፦ የፀሐይ ነፋስ ውኃ ይሠራል የሚባለውስ?

መልስ፦ ፕሮቶኑ ከቅንጣቱ ገጽ ኦክስጅን ጋር ሲጣመር ሃይድሮክሲል፣ ማለትም ከውኃ አንድ ሃይድሮጂን የጎደለው የኦክስጅንና የሃይድሮጂን ጥምር፣ ይፈጠራል። ዓይናችን አያየውም። የሞገድ ርዝመቱ 3 ማይክሮሜትር አካባቢ በሆነው ኢንፍራሬድ ግን ብርሃን ሲውጥ ይታወቃል። በ2009 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የህንዷ መንኮራኩር ቻንድራያን 1 መረጃ ያሳየው ይህንኑ ነው።