ጠዋት የሚያበራ፣ ከሰዓት የሚወፍር ቸኮሌት

የጠያቂያችን ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል። «ዋፈር ቸኮሌት በሚለብስበት መስመር ላይ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። የምንሠራው በጥቁር ቸኮሌት ነው። ጠዋት 31.5 ዲግሪ ላይ ስንጀምር ሁሉም ነገር ያምራል። አራት ሰዓት ያህል ከሠራን በኋላ ግን ቸኮሌቱ ይወፍራል፣ የአንዱ ፍሬ ክብደት ይጨምራል፣ ከኋላው ጅራት ያወጣል። ሙቀቱን ወደ 35 ስናነሣው ይቀጥናል። ግን ሥሩ ላይ እግር ያወጣል፤ ከማቀዝቀዣው ተነልም ሳይደርቅ ይወጣል። ስለዚህ ተነሉን ከ13 ወደ 5 ዲግሪ አወረድነው። አሁን ይደርቃል። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ነጭ ነገር ይወርሰውና ደንበኞች ሻግቷል ብለው ይመልሱልናል። ቸኮሌት የሚያቀጥነውን ሌሲቲንም ጨምረን አይተናል። ቸኮሌቱን ትተን በካካዎ ቅቤ ፈንታ በሌላ ዘይት ወደሚሠራው ኮምፓውንድ ብንሄድ ይሻላል?»

ያደረጋችሁትን ሁሉ እኔም በጀማሪነቴ በዚያው ቅደም ተከተል አድርጌዋለሁ። ሲወፍር አሞቅኩ፣ አልደርቅ ሲል አቀዘቀዝኩ። ሦስት ቀን ሙሉ የተነሉን ቁልፍ ስነካካ ሰነበትኩ። ስለዚህ ድካማችሁ ይገባኛል። በመስመራችሁ ላይ ያለው በሽታ ግን አንድ ብቻ ነው። የቀሩትን ያመጣቸው መድኃኒቱ ነው።

ቴርሞሜትር ሙቀትን ይነግርዎታል፤ ቴምፐርን፣ ማለትም የቸኮሌቱ ቅቤ ምን ያህልና በምን ዓይነት ክሪስታል እንደረጋ፣ አይነግርዎትም። 31.5 ዲግሪ ላይ ያለ ቸኮሌት ምንም የክሪስታል ዘር፣ ማለትም የቀረው ቅቤ እሱን ተከትሎ የሚረጋበት ጥቃቅን የረጋ ቅቤ፣ የሌለው ሊሆን ይችላል። ልክ ያለውም ሊሆን ይችላል። ከልክ በላይ የበዛበትም ሊሆን ይችላል። በሦስቱም ላይ የሚያነቡት ቁጥር ያው ነው። የእርስዎ ቸኮሌት ጠዋት ልከኛው ነው። ከሰዓት ዘር የበዛበት ይሆናል። ሲያሞቁት ደግሞ ዘር አልባ ይሆናል።

የካካዎ ቅቤ ሲረጋ ስድስት ዓይነት የክሪስታል መልክ ሊይዝ ይችላል። እኛ የምንፈልገው አምስተኛውን ነው። የሚቀልጠው 34 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያበራል፣ ሲሰበር ቀጭ ይላል። ከእሱ በታች ያሉት ቶሎ ይረጋሉ፤ ግን ለስላሶችና ያልጸኑ ናቸው፤ ውለው አድረው መልካቸውን ይቀይራሉ። ቴምፐር ማድረግ ማለት ጥቁሩን ቸኮሌት 45 ዲግሪ አካባቢ ሙሉ በሙሉ አቅልጦ፣ እያማሰሉ ወደ 27 ወይም 28 ማውረድ፣ ከዚያ ወደ 31 ወይም 32 መልሶ ማንሣት ነው። የመጨረሻው ማንሣት ደካማዎቹን አቅልጦ አምስተኛውን ይተወዋል። የወተት ቸኮሌት ከሆነ ሁሉም ነገር ሁለት ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። በደንብ ቴምፐር በሆነ ቸኮሌት ውስጥ የረጋው ቅቤ ከጠቅላላው ቅቤ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ያቺን ጥቂት መጠበቅ ነው ሥራው።

አሁን ማሽኑን ያስቡት። ፓምፑ ቸኮሌቱን ከታችኛው ገንዳ ያወጣዋል፤ እንደ መጋረጃ ሆኖ ዋፈሩ ላይ ይወርዳል። የዋፈሩን ሆድ ደግሞ ከሽቦው ቀበቶ ሥር የተጠራቀመው ቸኮሌት ያለብሰዋል። ብሎወሩ ትርፉን ይገፋል፣ ነቅናቂው ያራግፋል፤ የተራገፈው ተመልሶ ገንዳ ይገባል። ከመጋረጃው የሚወርደው አብዛኛው ቸኮሌት ዋፈሩ ላይ አይቀርም። ይዞራል። እየዞረ ይማሰላል፣ በብሎወሩ አየርም ይመታል። ዘር ያለበት ቸኮሌት ሲማሰልና ሲነፍስበት ዘሩ ይበዛል። ቴርሞሜትሩ 31.5 ላይ ቆሞ ሳለ ክሪስታሉ ይራባል። ስኳሩንና ካካዎውን የሚያንሸራትተው የቀለጠው ቅቤ ነው። እሱ በረጋ ቁጥር ቸኮሌቱ ይወፍራል። ብሎወሩ ሊገፋው ያቅተዋል፣ ክብደቱ ይጨምራል፣ ከቀበቶ ወደ ቀበቶ ሲሻገር ክር እየሳበ ጅራት ያወጣል።

35 ዲግሪ ሲያደርሱት ጥሩውን አምስተኛ ክሪስታል ጭምር ያቀልጡታል። ይቀጥናል፤ ግን ባዶ ነው። ዘር የሌለው ቸኮሌት ዋፈሩን ይዞ አይቆምም። በጎኑ ተንሸራቶ ሥሩ ላይ ይተኛል፤ እግር የምትሉት እሱን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሙቀቱን ወደ 31.5 ቢመልሱትም ዘሩ አብሮ አይመለስም። ገንዳው ውስጥ ያለው ሁሉ ወጥቶ፣ በደንብ ቀልጦ፣ እንደገና በቴምፐሪንግ ማሽኑ ማለፍ አለበት።

ነገ ሲወፍር አንድም ቁልፍ ሳይነኩ ይህን ሙከራ ያድርጉልኝ። ከገንዳው ግማሽ ኪሎ ያህል ይቅዱና 45 ዲግሪ ላይ እያማሰሉ ያቅልጡት። አጠገቡ ከማከማቻ ታንኩ የተቀዳ አዲስ ቸኮሌት በእኩል ሙቀት ያስቀምጡ። ሁለቱንም በማንኪያ እያነሡ ያፍስሱ። እኩል ከፈሰሱ ያወፈረው ክሪስታል ነው። የገንዳው አሁንም ከወፈረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወይ የዋፈር ፍርፋሪ ገብቶበታል፣ ወይ ውሃ። ለፍርፋሪው ወንፊቱን ያጽዱ፤ ዋፈሩ መጋረጃው ጋ ከመድረሱ በፊትም ፍርፋሪው እንዲራገፍ ያድርጉ። ውሃው ክፉ ነው። ቸኮሌት በጣም ትንሽ ውሃ ነው የሚችለው፤ 1 በመቶ እንኳ ሳይሞላ መጨናነቅ ይጀምራል። አንድ የሠራሁበት ፋብሪካ ታንኩን ከውጭ የሚያሞቀው የውሃ ግድግዳ በመርፌ ቀዳዳ በምታህል ስንጥቅ ያፈስ ነበር። እሷን እስክናገኝ ድረስ የቸኮሌት አቅራቢውን ስንወቅስ ከረምን። ታንክ ታጥቦ ሳይደርቅ ቸኮሌት አይግባበት። ይህን ለማጠቢያ ክፍሉ ሰዎች ደጋግመው ይንገሯቸው።

ክሪስታል መሆኑ ከተረጋገጠ መፍትሔው ማሞቅ ሳይሆን ማደስ ነው። ከገንዳው ያለማቋረጥ ትንሽ ትንሽ ቸኮሌት ይውጣ፣ 45 ዲግሪ ላይ ይቅለጥ፣ ወደ ማከማቻው ይመለስ። በምትኩ ከቴምፐሪንግ ማሽኑ አዲስ ይግባ። ምርቱ በሰዓት 100 ኪሎ ይዞ የሚሄድ ከሆነ እኔ ቴምፐሪንጉን 130 አካባቢ እንዲሰጥ አደርገዋለሁ። ትርፉ 30 ኪሎ ነው ዞሮ የሚቀልጠው። የመመለሻ ቧንቧው ምናልባት ማሽናችሁ ላይ አለ፤ ግን ተዘግቶ ይሆናል። ብዙ ቦታ «ቸኮሌት ያባክናል» እየተባለ ሲዘጋ አይቻለሁ። አያባክንም። ቫልቩን ይፈልጉት። ከሌለ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ በባልዲ ቀድቶ ወደ ማቅለጫው መመለስና በአዲስ መተካትም ይሠራል። አድካሚ ነው፤ ግን ከሰዓቱን እንደ ጠዋቱ ያደርግልዎታል።

መጠነኛ ማሞቅ አይፈቀድም ማለቴ አይደለም። ዘሩ እየበሰለ ሲሄድ ጥቁር ቸኮሌት እስከ 32 ወይም 32.5 ድረስ ሊሸከም ይችላል። ቀስ ብለው፣ በየግማሽ ዲግሪው፣ ቴምፐሩን እየለኩ ከሆነ ይሁን። ከ33 በላይ ግን አይውጡ።

እንዴት ይለካል? ቴምፐር ሜትር ካላችሁ በየሰዓቱ ተጠቀሙበት። ትንሽ ናሙና አቀዝቅዞ የሙቀቱን መስመር ይሥልልዎታል። ልክ ከሆነ መስመሩ መሐል ላይ ለጥ ብሎ ይቆያል። ዘር ካነሰ ወርዶ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ዘር ከበዛ ምንም ሳይቆም እያዘገመ ይወርዳል። መሣሪያው ከሌላችሁ ቢላ ይበቃል። ጫፉን ነክረው 20 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ቦታ ያስቀምጡት። በ5 ደቂቃ ውስጥ እያበራ ከረጋ ደህና ነው። እርጥብ ሆኖ ከቆየ ወይም ከተዥጎረጎረ ዘር የለውም። ወዲያው ረግቶ ከደበዘዘ በዝቶበታል።

ቴምፐሩ ሲስተካከል ተነሉን 5 ዲግሪ ላይ የምታቆዩበት ምክንያት አይኖርም። ወደነበረበት ይመልሱት። እኔ የምወደው መግቢያው 15 አካባቢ፣ መሐሉ ከ11 እስከ 13፣ መውጫው እንደገና 16 ገደማ የሆነ ተነል ነው። ዋፈሩ ውስጡ ከ6 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ፤ ሽፋኑ ወፍራም ከሆነ ከዚያም በላይ። በድንገት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠሩት እነዚያ ያልጸኑት ክሪስታሎች ናቸው። ላይ ላዩን የደረቀ ይመስላል፤ ካርቶን ውስጥ ገብቶ ነው የሚነጣው።

ሌላው ጤዛ ነው። የማሸጊያ ክፍላችሁ ሙቀትና እርጥበት ስንት እንደሆነ አልጻፉልኝም፤ ይለኩት። አየሩ 27 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ከሆነ፣ ከ18 ወይም ከ19 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ የሚወጣ ማንኛውም ነገር ጤዛ ይይዛል። 5 ዲግሪ ከሆነ ተነል የወጣ ዋፈር ምን እንደሚደርስበት ያስቡት። ጤዛው የቸኮሌቱን ስኳር ያሟሟል፤ ሲደርቅ ስኳሩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ክፍሉ 22 ዲግሪና 50 በመቶ ቢሆን ግን ጤዛ የሚጀምረው 11 ዲግሪ ላይ ነው። ከተነሉ የበለጠ ለዚህ ክፍል አየር ማድረቂያ ቢከራከሩ ይሻልዎታል።

ነጩ ነገር የቱ እንደሆነ በጣትዎ ይለዩት። ቀስ አድርገው ይሹት። በጣትዎ ሙቀት ቀልጦ ከጠፋ የቅቤ ንጣት ነው፤ ምንጩ ቴምፐሩ ነው። ሸካራ ሆኖ ካልጠፋ፣ በጠብታ ውሃ ግን ከሟሟ፣ የስኳር ንጣት ነው፤ ምንጩ ጤዛው ነው። በእናንተ ሁኔታ ሁለቱም አንድ ካርቶን ውስጥ ቢገኙ አልደነቅም። ሁለቱም ሻጋታ አይደሉም።

ሌሲቲኑን አቁሙት። እስከ 0.5 በመቶ ገደማ ድረስ ያቀጥናል። ከዚያ ካለፈ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀሰውን ቸኮሌት ይብሱን እንዳይፈስ ያደርገዋል። ደግሞም ቸኮሌቱን የሠራው ፋብሪካ አስቀድሞ ከትቶበት ሊሆን ስለሚችል ሳያውቁት ከልክ አልፋችሁ ይሆናል።

ዋፈሩንም አይርሱት። ወደ መጋረጃው ሲገባ 22 ወይም 23 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ከቀዝቃዛ መጋዘን በቀጥታ ከመጣ የነካውን ቸኮሌት ያስደነግጠዋል፤ በኋላ ሲሞቅ ደግሞ ይለጠጥና ሽፋኑን ይሰነጥቀዋል። በጣም ከሞቀ ዘሩን ያቀልጥበታል። ክፍት ሆኖ ካደረም እርጥበት ይጠጣል፤ ያበጠ ዋፈር ቸኮሌቱን ከውስጥ ይሰነጥቃል።

ክብደቱን በዓይን አይገምቱ። በየሰዓቱ አሥር ባዶ ዋፈርና አሥር የለበሰ ይመዝኑ። አሥሩ ባዶ 140 ግራም፣ የለበሰው 200 ግራም ከሆነ ሽፋኑ 60 ነው፤ 30 በመቶ ማለት ነው። ይህ ቁጥር መውጣት ሲጀምር ቸኮሌቱ ወፍሮ ዓይን ከማየቱ በፊት ያስጠነቅቅዎታል።

ስለ ኮምፓውንዱ ደግሞ ልንገርዎ። በፓልም ከርነል ዘይት የሚሠራው ቴምፐር አያስፈልገውም፤ ሥራው ቀላል ነው። ግን ከካካዎ ቅቤ ጋር አይስማማም። በቧንቧና በታንክ የቀረ ቸኮሌት ከተቀላቀለበት ይለሰልሳል፤ ይነጣልም። ውሎ አድሮ እርጥበት ካገኘው የሳሙና ጣዕም የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ቸኮሌት ብሎ መሸጡም በብዙ አገር ሕግ አይፈቀድም። የሚገዛችሁ ሰው ልዩነቱን በምላሱ ያውቀዋል። በአንድ ቫልቭ ሊድን ለሚችል መስመር እኔ ይህን አልመክርም።

ተመልሰው የመጡት ካርቶኖች ጤናን አይጎዱም፤ የተበላሸው መልካቸውና አፍ ውስጥ የሚሰጡት ስሜት ነው። አደራ ግን፣ ቸኮሌቱን ከዋፈሩ ላይ እየፋቁ ወደ ታንኩ አይመልሱት። ፍርፋሪውም የዋፈሩ ክሬም ቅባትም አብሮ ይገባል፤ ያኔ የነገውን ምርትም አብራችሁ ታበላሻላችሁ።